«በ3 ዓመት 100 ቤተ ክርስቲያን» የሚል ዕቅድ ለቀረበለት የሚሲዮን ኮሚቴ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ያለች የአንዲት አጥቢያ ሚሲዮን ኮሚቴ ጸሐፊ የሆነች እህት እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «አንድ አጋር ድርጅት 20 ወንጌላውያን አሠልጥነን እንድንልክ ድጋፍ አቅርቦልናል። ቅድመ ሁኔታው ፈጣን የደቀ መዝሙር ማባዛት ዘዴን እንድንጠቀም፣ በ3 ዓመት ውስጥ እስከ አራተኛ ትውልድ የደረሱ (አንዱ ቡድን ሌላውን፣ ያም ሌላውን እየወለደ) 100 አብያተ ክርስቲያናት እንድንተክልና በየሩብ ዓመቱ ቁጥር እንድንልክ ነው። በሙከራ የተጀመሩ 14 ቡድኖች አሉ። ከሽማግሌዎቻችን ግማሹ ‹የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው፣ አታደናቅፉ› ይላል፤ ግማሹ ‹ጥልቀት የለውም፣ አንገባበትም› ይላል። በዘዴው ላይ የሚሰማው ትችት እውነት አለው? ምን ብናደርግ ይሻላል?»

እህቴ፣ ሰላም ይብዛልሽ። ትችቱ በአብዛኛው እውነት ነው፤ ሽማግሌዎቻችሁ የተከራከሩበት ነጥብ ላይ ግን አይደለም። ፍጥነት በራሱ ነውር የለበትም። ወንጌል ሲሮጥ በዚሁ አገር ታይቷል። ጉዳቱ የሚጀምረው ፍጥነቱ የውል ቃል ሲሆን ነው። «በ3 ዓመት 100» ተብሎ ከተፈረመ በኋላ ማን ያስተምር፣ ማን ይሾም፣ ምን ዓይነት ስብስብ «ቤተ ክርስቲያን» ተብሎ ይጻፍ የሚለው ውሳኔ ሁሉ ቁጥሩን ወደ መሙላት ይሳባል። ስለዚህ «እንግባ ወይስ አንግባ» ከማለታችሁ በፊት «ውሉ ላይ ምን ተጽፏል» ብላችሁ ጀምሩ።

ዘዴው ከየት እንደመጣ ማወቁ ለክርክሩ ይጠቅማችኋል። በሰሜን ቻይና ያገለገለው የአንግሊካን ቄስ ሮላንድ አለን እ.ኤ.አ. በ1912 አንድ ጥያቄ አነሣ፦ ጳውሎስ ከ10 ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ በገላትያ፣ በመቄዶንያ፣ በአካይያና በእስያ አብያተ ክርስቲያናትን አቁሞ ሲሄድ፣ የዘመኑ ሚሲዮኖች ለምን ለአንድ ትውልድ ሙሉ እጃቸውን አያነሡም? ዶናልድ ማክጋቭራን እ.ኤ.አ. በ1955 ሰዎች ወደ ክርስቶስ የሚመጡት በነጠላ ሳይሆን በዘመድና በወገን ሰንሰለት ነው ሲል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዴቪድ ዋትሰን በሰሜን ሕንድ ቦጅፑሪ ተናጋሪዎች መካከል፣ ከ2000 ወዲህ ደግሞ ይንግ ካይ በቻይና የሠሩት ሥራ የሥልጠና ጥቅል ሆነ። ለዚህ ሁሉ «የቤተ ክርስቲያን ተከላ ንቅናቄ» የሚለውን ስም ያስፋፋው ዴቪድ ጋሪሰን ሲሆን ፍጥነትን ከነትርጓሜው ውስጥ አስገባው፤ ካልፈጠነ ንቅናቄ አይባልም። ለውጡ ያለው እዚህ ላይ ነው። አለን ቶሎ መልቀቅን ሲሟገት፣ ጳውሎስ ለአዳዲሶቹ አብያተ ክርስቲያናት ትቶላቸው የሄደውን 4 ነገር ይቆጥር ነበር፦ መሠረታዊ የእምነት ትምህርት፣ ጥምቀትና የጌታ እራት፣ የተሾሙ አገልጋዮች፣ ቅዱሳት መጻሕፍት። ዛሬ በሚሰጠው ጥቅል ውስጥ መጨረሻው በደንብ ይገኛል፤ ሌሎቹ 3 ግን ብዙ ጊዜ ሳስተዋል።

ሥልጠናው ላይ የሚሰጣችሁን ታውቁታላችሁ። ስብሰባው በ3 ይከፈላል፦ ያለፈውን ሳምንት መመልከት፣ ቃሉን ማንበብ፣ ለሚመጣው ሳምንት መወሰን። መሪው አያስተምርም፤ ይጠይቃል። «ክፍሉ ምን ይላል? ስለ እግዚአብሔር ምን ተማርን? ስለ ሰው ምን ተማርን? ምን እታዘዛለሁ? ለማን እነግራለሁ?» በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «ታዘዝክ ወይ? ነገርክ ወይ?» ተብሎ ይጀመራል።

ይህን አሠራር የሚያጣጥል ሽማግሌ ካለ ቆም ይበል። ምዕመኑ መጽሐፍ ቅዱሱን ራሱ ከፍቶ እንዲያነብ ያደርገዋል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ታሪኩን ሰምቶ በራሱ አፍ እንዲደግመው ያስችለዋል። ለ20 ዓመት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አንድ ጎረቤቱን ወንጌል ነግሮ የማያውቅ ምዕመን በሞላበት ከተማ «ለማን ነገርክ» የሚለው ጥያቄ ያስፈልጋል። ይህ ክፍል ከእናንተ ጋር ይቅር።

ችግሩ «መሪው አያስተምርም» የሚለው ሕግ መቼም የማይነሣ ሲሆን ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ የምንጠቀሰው ለምን እንደሆነ አስታውሱ። ጃንደረባው የኢሳይያስ መጽሐፍ በእጁ አለ፣ ያነባል፣ ልቡም ክፍት ነው። ፊልጶስ «ታስተውለዋለህን?» ሲለው ግን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ፊልጶስም «አንተ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ጥያቄውን አልመለሰለትም፤ ከዚያ መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት።

በተግባርም አስተማሪ የሌለው ቡድን የሚባል የለም። እናንተ ካላስተማራችሁት ስልኩ ያስተምረዋል። ማክሰኞ ማርቆስ 5ን አንብቦ የተበተነ አዲስ አማኝ ረቡዕ ማታ በቲክቶክ «የትንቢት ዘይት» ሲሸጥ ያያል፤ ሐሙስ የሥላሴን ትምህርት የማይቀበል አገልጋይ በቴሌግራም የላከውን ድምፅ ይሰማል። ቡድኑ ይህን የሚመዝንበት ነገር ከሌለው በሚቀጥለው ማክሰኞ ዘይቱ መሐል ላይ ይቀመጣል። ክርስቶስ አምላክም ሰውም መሆኑን፣ ጽድቅ በእምነት መሆኑን፣ ክርስቲያንም መከራ እንደሚቀበል በግልጽ ያስተማረው ሰው ከሌለ በ«ምን እታዘዛለሁ» ብቻ እዚያ አይደርስም።

ሌላም አለ። ገና ያላመነን ሰው በየሳምንቱ «ታዘዝክ ወይ» ብሎ መጠየቅ ወንጌሉን ራሱን ወደ ትእዛዝ ዝርዝር ሊለውጠው ይችላል። ብዙ ሰው ሃይማኖትን የሚያውቀው በ«አድርግ፣ አታድርግ» ነው። የቆየውን ዝርዝር አስጥሎ አዲስ ዝርዝር መስጠት ደግሞ የምሥራች አይደለም። መፍትሔው ጥያቄውን ማውጣት ሳይሆን ከፊቱ አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፦ «በዚህ ክፍል እግዚአብሔር ምን አደረገልን?» መታዘዝ ከዚያ ይከተላል።

በእጅ ወደ እጅ መተላለፍም ኪሳራ አለው። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ ትውልድ ከተማረው 80 በመቶውን በትክክል አስተላለፈ እንበል፤ ይህ በጣም ጥሩ ተማሪ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ጋ 80፣ ሁለተኛው ጋ 64፣ ሦስተኛው ጋ 51፣ አራተኛው ጋ 41 በመቶ ይደርሳል። የእናንተ ውል ደግሞ ስኬትን የሚለካው በአራተኛው ነው። በዚያ ላይ ሥልጠናው አዲስ አበባ በአማርኛ ተሰጥቶ ቡድኑ ውስጥ በሌላ ቋንቋ የሚነገር ከሆነ ኪሳራው ይበልጣል።

ስለ «የሰላም ሰው» ደግሞ። ሉቃስ 10 ላይ «የሰላም ልጅ» የሚለው ቃል አለ፤ ዘዴውም ወደ አንድ መንደር ገብታችሁ መጀመሪያ በር የሚከፍትላችሁን ሰው ፈልጉ፣ ከሌለ እለፉ ይላል። ነገር ግን በዚያ ክፍል 70ዎቹ ደቀ መዛሙርት የተላኩት ጌታ ራሱ ሊሄድባቸው ወዳሉ ከተሞች ቀድመው ነው፤ ተልእኮው አጭር የማዘጋጀት ጉዞ ነበር። ኮረጆና ከረጢት አትያዙ ያላቸውን በሉቃስ 22 ራሱ ሲለውጠው እናያለን። ጳውሎስ ልድያን አገኘ፤ ግን በአቴና በምኵራብም በገበያም በየቀኑ ከሚያገኛቸው ጋር ይነጋገር ነበር። እንግዲህ የሰላም ሰው ማግኘት በረከት ነው፤ ሕግ ግን አይደለም።

በእኛ አገር ደግሞ የተለየ አደጋ አለው። ወንጌላዊው የሚፈልገው «ተሰሚነት ያለው ሰው» ከሆነ የሚያገኘው የጎሳ አባት፣ ባለ ሀብት ወይም የቀበሌ ሹም ነው። ቡድኑ በሱ ቤት ይጀመራል፣ መሪውም እሱ ይሆናል። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ የቤት ሠራተኛዋ እዚያ በር አይገቡም። አንድ ወገን ብቻ ይሰብሰብ፣ እንዲያ ሲሆን ቶሎ ያድጋል የሚለው ምክርም እንዲሁ ነው። ለመጀመሪያው ምሥክርነት ቋንቋና ዝምድና ድልድይ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ተብሎ ሲተከል ግን ኤፌሶን 2 ክርስቶስ አፈረሰው የሚለውን ግድግዳ መልሰን እየገነባን ነው። በብሔር ምን ያህል እንደተጎዳን እያወቅን ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር፣ ወደ መሪ። ዘዴው ትናንት ያመነ ሰው ዛሬ ቡድን እንዲመራ ያደርጋል፤ 6 ወር ሳይሞላው ቡድኑ ቤተ ክርስቲያን፣ እሱ መጋቢ ሊባል ይችላል። ተቺዎች 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥6ን ያነሣሉ፦ «በትዕቢት ተነፍቶ በዲያብሎስ ፍርድ እንዳይወድቅ አዲስ ክርስቲያን አይሁን»። ደጋፊዎቹ ሁለት መልስ አላቸው፤ ሁለቱም በቁም ነገር መታየት አለባቸው። አንደኛ፣ ጳውሎስና በርናባስ በልስጥራን፣ በኢቆንዮንና በአንጾኪያ ሽማግሌዎችን የሾሙት በዚያው ጉዞ ሲመለሱ ነው። ሁለተኛ፣ ለአዲሲቱ የቀርጤስ ቤተ ክርስቲያን በተጻፈው በቲቶ 1 «አዲስ ክርስቲያን አይሁን» የሚለው መስፈርት የለም። ልክ ናቸው። ነገር ግን ያው ቲቶ 1፥9 ሽማግሌው በተማረው በታመነ ቃል የሚጸና፣ የሚመክርና ተቃዋሚውን የሚመልስ መሆን አለበት ይላል። በልስጥራን ካመኑት መካከልም አይሁድና እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ብሉይ ኪዳንን ሲሰሙ ያደጉ ሰዎች እንደነበሩ መገመት ይቻላል፤ ጢሞቴዎስ ራሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጻሕፍትን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ቀኑን ከመቁጠር ይልቅ ሰውየው የሚያውቀውንና የኖረውን መመርመር ይሻላል።

ጳውሎስም «ሄደ» ሲባል ጠፋ ማለት አይደለም። ከተሰሎንቄ በስደት ምክንያት ቶሎ ወጣ፤ ወዲያው ግን ጢሞቴዎስን ላከ፣ ደብዳቤ ጻፈ። በቆሮንቶስ 1 ዓመት ከ6 ወር ተቀመጠ። በኤፌሶን 3 ዓመት ሌሊትና ቀን በእንባ ገሠጸ። በሥልጠናው «አሳይ፣ አግዝ፣ ተመልከት፣ ሂድ» የሚባለው ቅደም ተከተል መልካም ነው፤ በሩብ ዓመት ሪፖርት ሲገደድ ግን «አግዝ» እና «ተመልከት» የሚሉት ሁለቱ ይጠፋሉ። ወንጌላዊው ያሳያል፣ ይሄዳል።

የራሳችንን ታሪክ ሁለቱም ወገኖች ይጠቅሱታል፤ ስለዚህ በሙሉ እንየው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 ሲወጡ የተጠመቁት 48 ያህል ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ አማኞቹ ወደ 10,000 ገደማ ደርሰው እንዳገኟቸው ይነገራል። «ይኸው፣ ሚሲዮናዊ ሲወጣ ወንጌል ይፈጥናል» ይባላል። የመጀመሪያው 9 ዓመት ግን ይረሳል። በእነዚያ 9 ዓመታት ተምረው፣ ተፈትነው፣ እርስ በርስ ተዋውቀው የቆዩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ መሠረቱ። እንደ ዋንዳሮ ያሉት የወላይታ አማኞች እስርና ግርፋት ሲመጣ ያልፈረሱት በዚህ ነው። ከወላይታ ወደ ሌሎች ሕዝቦች የሄዱት ወንጌላውያንም ቤተሰባቸውን ይዘው ሄደው እዚያው ለዓመታት ኖሩ፤ የሚደግፋቸውም የላካቸው የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ነበር። በዚያ ዘመን የተፈረመ ቁጥር አልነበረም።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዘጋት 5,000 ያህል አባላት ነበሯት፤ በ1991 በይፋ ስትወጣ 34,000 ያህል ሆነዋል። እድገቱ የመጣው በየቤቱ በተደበቁ ትንንሽ ቡድኖች ነው፤ ላይ ላዩን ሲታይ የዛሬውን ዘዴ ይመስላል። ልዩነቱ የተዘጋው ሕንፃ እንጂ ቤተ ክርስቲያኒቱ አለመሆኗ ነው፤ ትምህርቱ፣ ሽምግልናው፣ ተጠያቂነቱ ከነሥሩ በስውር ቀጥሏል። ኮሪያንም የሚጠቅስ ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1890 በቻይና ያገለግል የነበረው ሚሲዮናዊ ጆን ኔቪየስ እዚያ ላሉት ሚሲዮናውያን ራሷን የምትችል ቤተ ክርስቲያንን መከራቸው፤ በፍጥነትም አደገች። ከዚያ ምክር ጋር ግን ምዕመኑ ሁሉ በየዓመቱ ለቀናት የሚቀመጥበት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርትና ከጥምቀት በፊት የወራት ዝግጅት ነበር። ፍጥነቱን ያየው ሰው ብዙ ነው፣ ትምህርቱን ያየው ግን ጥቂት።

እንግዲህ ቁጥሩ። ይህን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ብዙ አጥቢያ የሚጎዳው እዚህ ነውና።

ሥልጠና ላይ የሚታየውን ስሌት አስታውሱ፦ 1 ቡድን በየ6 ወሩ አንድ ቢወልድ በ2 ዓመት 16፣ በ10 ዓመት 1,048,576 ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን አንድም ቡድን ካልሞተ፣ አንድም መሪ ካልታመመ፣ ካልተሰደደ፣ ካልወደቀ ብቻ ነው። አሁን የሪፖርት ቅጹን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ዓምዶቹ ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው፦ ወንጌል የሰማ፣ ያመነ፣ የተጠመቀ፣ አዲስ ቡድን፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያን፣ ትውልድ። የጎደለውን ፈልጉ። «የተበተነ» የሚል ዓምድ የለም። «ቀድሞ የማን አባል ነበር» የሚልም የለም። ቅጹ መደመር እንጂ መቀነስ አያውቅም። በመጋቢት ተመዝግቦ በሰኔ የጠፋ ቡድን በመስከረም ሪፖርትም በሕይወት አለ።

ስሕተቱ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ይታወቃሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ወንጌላውያን 18.6 በመቶ ነበሩ፤ በአንዳንድ አካባቢ አማኝ የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። እንዲህ ባለ ቦታ «አዲስ ቡድን» የተባለው እሑድ እሑድ ቃለ ሕይወት ወይም መካነ ኢየሱስ የሚሄዱ 6 ሰዎች ማክሰኞ የሚያነቡበት ጥናት ሊሆን ይችላል። ያው ቡድን ለሁለት አጋር ድርጅት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ወንጌላዊው ራሱ ሄዶ የጀመረውን ቡድን «አንዲት እህት ስላስተዋወቀችኝ» ብሎ ሁለተኛ ትውልድ ይለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ከካዛንቺስና ከፒያሳ በልማት የተነሡ ምዕመናን ገላን ጉራ ወይም ለሚ ኩራ ሲገቡ የቀድሞ የቤት ሕብረታቸውን እዚያ እንደገና ይጀምራሉ። ይህ መበረታታት ያለበት ነገር ነው፤ ነገር ግን የተዛወረ ሕብረት እንጂ የተተከለ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ «ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ቃል። በሥልጠናው ቡድን በነጠብጣብ ክብ ይሣላል፤ የሐዋርያት ሥራ 2 ምልክቶች ውስጡ ሲሞሉና ቡድኑ «እኛ ቤተ ክርስቲያን ነን» ሲል ክቡ በሙሉ መስመር ይደመቃል። ሥዕሉ ለማስተማሪያ ጥሩ ነው። ችግሩ መስመሩን የሚያደምቀው ሪፖርት የሚልከው ሰው መሆኑ ነው። እኛ አገር የሚታይ መለኪያ አለ፦ ከዚያ ቡድን አንድ ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ሁለት ወጣቶች ቢፈላለጉ ማን ያጋባቸዋል? አንዱ ሚስቱን ቢደበድብ ማን ይገሥጸዋል፣ ባይመለስስ ማን ከጌታ እራት ያግደዋል? እድሩ ባይቀበለው ሬሳውን የሚሸከም አለ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ስብስብ ገና ሕብረት ነው፤ ሕብረት መባሉም ክብሩን አይቀንስም።

ገንዘቡን አልፈዋለሁ እንዳልል ከዚህ ጋር ተጣብቋል። የወንጌላዊው ደመወዝ ወይም የውሎ አበሉ በቡድን ብዛት ላይ ከተንጠለጠለ ሐሰተኛ ሪፖርት ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁ። 4 ልጆች ያሉትና ኪራይ የሚከፍል ሰው ባዶ ዓምድ እንዲልክ መጠበቅ ጭካኔ ነው። ደመወዙ ከቁጥር ይለይ። «ዘንድሮ 2 ቡድን ተበተነብኝ፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ የጻፈ ወንጌላዊ በኮሚቴው ፊት ይመስገን።

ታዲያ ምን ታድርጉ? ድጋፉን አትመልሱ፤ ውሉን ግን አስለውጡ። «100 ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ይውጣና በምትኩ ሥራው ይጻፍ፦ ስንት ወንጌላዊ፣ ስንት ቡድን እየጎበኘ፣ ምን ትምህርት እየሰጠ። አንድ ጎብኚ አስተማሪ ከ5 ቡድን በላይ አይያዝ፤ በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ከእያንዳንዱ ጋር ይቀመጥ። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የጥያቄ ጥናቱ ይቀጥል፤ በወሩ ጉብኝት ግን አስተማሪው በግልጽ ያስተምር፦ እግዚአብሔር፣ ክርስቶስ፣ ድኅነት፣ መንፈስ ቅዱስ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መከራ። ቀጣዩ 12 ወር አንድ ወንጌልና አንድ መልእክት ከዳር እስከ ዳር ይጠና፤ ማርቆስና ኤፌሶን ጥሩ ጥንድ ናቸው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ቡድኑን የሚመሩት ቢያንስ 2 ሰዎች ይሁኑ፤ ስማቸውም «አስተባባሪ» እንጂ «መጋቢ» አይሁን። ጥምቀትና የጌታ እራት በእናት አጥቢያ ሽማግሌዎች ይፈጸም። ከ18 ወር በኋላ ሽማግሌ ሊሆን የሚችል ሰው ካለ ይመርመር፤ ከሌለ ይጠበቅ።

ወንጌል ጠላት በበዛበት አካባቢ የምትሠሩ ከሆነ ስም፣ ስልክ፣ የቤት አድራሻ በሪፖርት አይላክ። አጋሩ ፎቶ ከጠየቀ እምቢ በሉ።

ለማረጋገጥ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጉ፦

1. የተመዘገቡትን ቡድኖች በሙሉ በቁጥር ጻፉ፤ 60 ካሉ 12ቱን በዕጣ አውጡ። ወንጌላዊው አይምረጥ።

2. የሚጎበኙት ከፕሮጀክቱ ደመወዝ የማይበሉ 2 ሰዎች ይሁኑ፣ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ሴቶቹ ለእሷ የሚናገሩት ይለያል።

3. ባለፉት 4 ሳምንታት ስንት ጊዜ ተሰበሰባችሁ፣ እነማን መጡ፣ ከዚህ በፊት የየት አባል ነበራችሁ፣ ማን አጠመቃችሁ ብለው ይጠይቁ። ከዚያ መሪ ያልሆነ አንድ ሰው ለብቻው «ኢየሱስ ማን ነው፣ ለምን ሞተ?» ይባል።

4. «ከዚያ ቡድን ተወለደ» የተባለውን ሁለቱንም ወገን ጠይቁ፤ ወላጁ ልጁን ካላወቀው ትውልዱ የወረቀት ነው።

ከ12ቱ 5 ብቻ ቢገኙ ግምታችሁ ከ60ው 25 ያህል ነው። 12 ትንሽ ናሙና ስለሆነ ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፤ ሪፖርቱ የሚታመን መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ግን ይበቃል። እነዚያኑ 12 በሚቀጥለው ዓመትም ጎብኙ፤ ከአዲስ ቡድን ብዛት ይልቅ ምን ያህሉ በ24ኛው ወር እንደቆሙ የሚነግራችሁ ይህ ነው። አጋሩ ይህን አንቀጽ በውሉ ውስጥ ለማስገባት ፈቃደኛ ካልሆነ ከ20ው ወንጌላውያን በራሳችሁ መባ የምትችሉትን 3 ወይም 4 ላኩ።

በእጃችሁ ያሉት 14 ቡድኖች በዚህ ክርክር መሐል ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ። አትዝጓቸው፣ ቤተ ክርስቲያንም አትበሏቸው። ከሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ አድርጋችሁ በ4 ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ይጎብኙ፤ «አታደናቅፉ» ያለውና «አንገባም» ያለው አብረው አንድ መኪና ውስጥ ይሂዱ። ጥምቀት የጠየቀ ሰው ካለ ዝግጅቱን ወዲያው ጀምሩለት፣ ውሉ እስኪያልቅ አታስጠብቁት። የተበተነ ቡድን ካገኙ ከቅጹ ላይ ይሠርዙት፤ ሰዎቹ የት እንደሄዱ ግን ስም በስም ይጠይቁ፣ በአቅራቢያቸው ላለች አጥቢያ መጋቢም በቃል ያስረክቧቸው።